የማያልበው ዚር

በራችን ፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሦስት ዚሮች ይቆሙ ነበር። ዚር የመጠጥ ውሃ የሚቀመጥበት ትልቅ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ታቹ የሾለ ስለሆነ ያለ ብረት እግር አይቆምም። ስሙም ሥራውም ከድንበሩ ማዶ የመጣ ነው። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ግን ዕቃ ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሰው ነው።

የዚሮቹ ባለቤት ጎረቤቴ ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ፤ ከእናቴ ትንሽ ያንሳሉ፣ ከእኔ ብዙ ይበልጣሉ፤ አጥራችን አንድ ነው። ከባለቤታቸው ጋር ከደጋ ወርደው እዚህ የሰፈሩ ቀን አንድ የማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ ካገኙት ዚር ጠጥተው ነበርና፣ ቤት ሲይዙ ከአልጋ በፊት የገዙት ዚር ነው። ባላቸው ሲሞቱም ውሃው አንድ ቀን አልጎደለም።

የዚር ሕግ ቀላል ነው። መንገደኛ ሁሉ ይጠጣል። ጣሳው ከዛፉ ጋር በገመድ ታስሯል። ሰው ሲጠጣ ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ ማን ነህ፣ ወዴት ነህ ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። የሚጠጣውም አመሰግናለሁ አይልም። የተጠማ ሰው ውለታ የለበትም፤ ጣሳውን በቦታው ማንጠልጠል ብቻ ነው ያለበት።

ዚር ያልበዋል። ውሃው በሸክላው ቀዳዳ በኩል ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሆዱን ያረጥበዋል፣ ነፋስ ሲነካው ውስጡ ይቀዘቅዛል። የመተማ ፀሐይ የትራክተርን መሪ እጅ የማያስነካ በሚያደርግበት ሰዓት እንኳ ከዚር የተቀዳ ውሃ ጥርስ ይነካል። ከታቹ ጠብ ጠብ የሚለውን ትርፍ ደግሞ እትዬ ባረጀ የቆርቆሮ ሳህን ይቀበሉታል፤ ዶሮዎቻቸው ይጠጡታል።

ጥቅምት ሲገባ ያ ጥላ የሥራ ገበያ ይሆናል። ሰሊጥ ለማጨድ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የሚወርዱት ሠራተኞች ከጭነት መኪና የሚወርዱት ከበራችን ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ወደ እርሻዎቹ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረውም እዚሁ ነው። ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ኒሙ ሥር ይቀመጣሉ። ባለ እርሻው በትራክተር ተሳቢ ይመጣል፣ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ተሳቢው ላይ ወጥተው ይሄዳሉ። ለምን ሌላ ዛፍ ሥር እንዳልሆነ አስቤ አላውቅም ነበር። ዛፍ መሆኑ ብቻ በቂ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት መከር ሊጀመር ሲል የሰፈራችን የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ተቃጠለ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ጉድጓዱም ሞልቷል። ደረቅ የነበረው ቦኖው ብቻ ነው። ፓምፑን አውርዶ ጎንደር ወስዶ ማስጠገን ነበረበት አንድ ሰው። መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ መከር ደርሷል፣ ሁሉም ሰሊጡ ጋ ነው፤ ስለዚህ ያ አንድ ሰው አልተገኘም። ውሃ በአህያ ጋሪ፣ በበርሜል፣ ከወንዝ ይመጣልን ጀመር። እትዬም ዚሮቻቸውን ከጋሪው በሚቀዱት ውሃ ይሞሉ ነበር።

በዚህ መሀል አንድ ፕሮጀክት የላከው እንግዳ መጣ። የውሃ ኮሚቴውን አባላት ሰብስቦ ስለ ውሃ አጠቃቀም ግማሽ ቀን አስተማረ። ስለ ፓምፑ ሲጠይቁት ፓምፕ በእሱ ፕሮጀክት ውስጥ እንደሌለ በትሕትና ገለጸ። ሰማያዊ የዘይት ቀለም በባልዲ፣ ነጭ ቀለም በጣሳ፣ እንዲሁም አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ትቶ ሄደ። በገጹ ላይ ያለውን መልእክት ተርጉመው ሕዝብ በሚያይበት ቦታ እንዲጽፉ ነው የታዘዙት።

ገጹ ወደ እኔ መጣ። እንግሊዝኛ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያስተማርኩት ቋንቋ ነው፤ አሁን ማስተማሩን ትቼ ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ቲቸር ይለኛል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ዋተር ኢዝ ስኬርስ» ይላል። ሌላው ሁሉ ቧንቧ ዝጉ፣ እጅ ታጠቡ ነው፤ ቀላል ነው። እኔ የተጣላሁት ከዚህ ከመጀመሪያው ጋር ነው።

ስኬርስ ተንኮለኛ ቃል ነው። ተማሪዎቼ «ጥቂት» ብለው ይፈቱት ነበር፤ ሁልጊዜም ስሕተት ነው እል ነበር። መተማ ገበያ ላይ የሱፍ ካፖርት የለም፤ ግን የሱፍ ካፖርት ስኬርስ ሆነብን ብሎ የሚያማርር ሰው ካለ ፀሐይ መትቶታል እንላለን። ማንም አልፈለገውማ። «ብርቅ» ብለው የሚፈቱትም ነበሩ፤ ለእሱ ደግሞ እንግሊዞች ሬር የሚል ሌላ ቃል አላቸው። ከቋራ ወዲያ ባለው ጫካ የሚኖር አንበሳ ሬር ነው። ስኬርስ እንዲሆን ግን አንበሳውን ለቁርስ የሚፈልግ ሰው መኖር አለበት። ስኬርስ ያለ ፈላጊ አይኖርም። ከሚፈለገው ያነሰ ማለት ነው፤ ስለዚህ ስለ ዕቃው የሚናገር ይመስላል እንጂ የሚናገረው ስለ ፈላጊው ነው።

እዚህ አገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አለ። በጥቅምት ባለ ሰሊጡ ሁሉ ሠራተኛ ጠፋ እያለ ያለቅሳል። በግንቦት እነዚያው ሰዎች መንገድ ዳር ሲቀመጡ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ፈት ከየት መጣ ይባላል። ሰዎቹ አልበዙም፣ አላነሱም። የበሰለው ሰሊጡ ነው።

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ስኬርስ ፈላጊውን ደብቆ ጉድለቱን የዕቃው ጠባይ ያደርገዋል። ውሃ እርጥብ ነው፣ ውሃ ስኬርስ ነው፤ በቃ፣ እንዲህ ሆኖ ተፈጥሯል፣ ምን ይደረጋል። የእኛ ገበያ ግን ስኳር ሲያጣ፣ ናፍጣ ሲያጣ «ጠፋ» ነው የሚለው። የጠፋ ነገር የነበረ ነው። የት ሄደ፣ ማን ወሰደው፣ ማን ይፈልገው ተብሎ ይጠየቃል። ስኬርስ ጥያቄ አያስነሳም። ጨዋ ቃል ነው፤ ሰው የሚያባርሩበት ጊዜ እንኳ እንግሊዞች ይጠቀሙበታል፤ ራስህን ስኬርስ አድርግ ካሉህ ሳይሰድቡህ ዘወር በል ማለታቸው ነው።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ተረጎምኩት፦ «ፓምፑ ስለተቃጠለ ውሃ ጠፍቷል። እስኪጠገን በቁጠባ እንጠጣ።»

የኮሚቴው ሊቀመንበር ወረቀቱን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በዕድሜም በእርሻም፤ ሰሊጣቸው ከመንገዱ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ይዘረጋል። አልጠላቸውም። ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። አንድ ነገር አንዴ ካመኑ ግን በትራክተርም አይነቀሉም።

«ቲቸር፣ እንግሊዝኛው ላይ ፓምፕ የሚል የት አለ?» አሉኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

«ከጉድጓዱ» አልኳቸው።

«ተርጉሚ ነው ያልንሽ፣ ክሰሺ አላልንሽም» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ውሃ ብርቅ ነው» የሚለውን ራሳቸው አወጡት። ብርቅ ነገር ይቆለፍበታል እንጂ አይጠገንም ብዬ ከኋላቸው ተናገርኩ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ ለመሆኑ ያ እንግሊዝኛው ቃል እንዴት ነበር የሚነበበው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፋቸው ላይ ቀረ። ናፍጣ ስኬርስ ሆነ፣ ማዳበሪያ ስኬርስ ሆነ፣ ጨዋ ልጅ ስኬርስ ሆነ። ቋንቋ ማስተማር እንዲህ የሚያስጸጽት ሥራ ነው።

የኮሚቴው ስብሰባ የተደረገው ኒሙ ሥር ነው፤ ከሱ የሰፋ ጥላ ስለሌለ። ሊቀመንበሩ ነገሩን ከሳህኑ ጀመሩ። ሰፈር ውሃ እያጣ ዶሮ እየጠጣ ነው አሉ። ከዶሮውም በላይ ሠራተኛው አለ፤ ከየአገሩ የሚወርደው ሰው ሁሉ የእኛን ውሃ እየጠጣ ይሄዳል፤ ስለዚህ ፓምፑ እስኪሠራ ዚሮቹ ይነሱ አሉ። ጥቂቶች ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

እትዬ ከደጃፋቸው ላይ ተነሥተው መጡ። ስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም። «ዚሩን ከምታነሱ እኔን አንሱኝ» አሉ። «እኔ ቀለል እላለሁ።»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወደ እሳቸው አደላ። ሊቀመንበሩም ሴትዮዋን በሰው ፊት መግፋት ስላልፈለጉ የሚያስታርቅ ሐሳብ አመጡ። የግቢያቸው የሲሚንቶ ገንዳ ሲያፈስ በዘይት ቀለም ቀብተውት ቀጥ ብሏል። ዚሮቹም ይቀቡ፤ ላባቸው ይዘጋ፤ በዚያው የፕሮጀክቱ መልእክት ይጻፍባቸው። አንድ ጠብታ አይባክንም። እንዲህም ሆኖ ውሃው ከእኩለ ቀን በፊት የሚያልቅ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ችግር ካመጡ፣ ለኅዳር ሚካኤል ኮሚቴው ተሰብስቦ ዚሮቹን ወደ መጋዘን ያስገባል።

ዚር ካላላበው ዚር አይደለም ብዬ ተነሣሁ። እርስዎ ሁልጊዜ ተቃዋሚ ነዎት አለኝ የኮሚቴው ጸሐፊ። እውነቱን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲቃወም የኖረ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ትክክል የሆነበት ቀን ሲመጣ ማንም ልዩነቱን አያውቅለትም። እትዬም እጄን ጎተት አደረጉኝ። መጋዘን ከሚገቡ መቀባት ይሻላቸዋል ብለው አስበዋል። «ደግሞ ሰማያዊ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ለዓይንም ጥሩ ነው።»

ተቀቡ። ለዓይን በእርግጥ ጥሩ ነበሩ። ዚሮቹ ሦስት፣ ቃሎቹም ሦስት ስለሆኑ በየአንዳንዱ ሆድ ላይ አንድ አንድ ቃል ተጻፈ፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ብርቅ፣ አንዱ ነው። እትዬ ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ወዲያው እንደ ስም ያዙት። ጠዋት ባለ ጋሪውን «ዛሬ ብርቅን ሙላልኝ፣ ነው ግን ገና አልጎደለም» ሲሉት እሰማ ነበር።

ጠብታው ቆመ። ሊቀመንበሩ መጥተው የዚሮቹን ሆድ በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ደረቅ ነው። ሳህኑን አንሥተው ውሃ አለመኖሩን ለሰው አሳዩና ገልብጠው አስቀመጡት። ዶሮዎቹ ለጥቂት ጊዜ በሳህኑ ዙሪያ ሲዞሩ ሰነበቱ።

በመጀመሪያው ቀን ከቀትር በኋላ አንድ የጎጃም ሰው ከነጓደኞቹ ከመኪና ወርዶ መጣ። ማጭዱን መሬት ላይ አኖረና «ውሃ» ከተባለው ዚር ቀዳ። አንድ ጉንጭ ወሰደ። አልተፋም፤ የሰው ውሃ መትፋት ነውር ነው። ጉንጩ እንደተነፋ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ በግድ ዋጠው።

እትዬ ያን ቀን ሕጉን ጥሰው አጥሩ ጋ ቆመው ያዩ ነበር።

«እናቴ» አላቸው፣ በጣም በአክብሮት፣ «ይኸ ውሃ ታሟል እንዴ?»

«አልታመመም» አሉ እትዬ። «ተቀብቶ ነው።»

«ሙሽራ ነዋ» አለ ጓደኛው። «ተነሥ፣ ሙሽራ ውሃ አታጠጣም።»

ተሳሳቁ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ሰዎቹ ግን ተነሥተው ሄዱ። እኔም ሄጄ ቀመስኩት። የፈላ አይደለም፣ ለብም አይደለም፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጀሪካን ውስጥ ያለ ውሃ ነው፤ ላዩ ላይ ደግሞ የቀለም ቤት ሽታ አለው። እትዬ በዚያ ቀን እራት አልበሉም። «ዕድሜዬን ሙሉ ያጠጣሁትን ውሃ ዛሬ በሰው አፍ ውስጥ አየሁት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ኒሙ ሥር የሚቀመጠው ሰው በየቀኑ እያነሰ ሄደ። በሽንፋ መንገድ በኩል አንድ ባለ ጋራዥ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ በርሜል ከደጁ አኑሯል ተባለ፤ የሚቀዘቅዝ ውሃ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ዛፍ መሆኑ በቂ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

የእኛ ዚሮች ጠዋት የተሞሉ ማታም ሙሉ ሆኑ። እዚህ ላይ የሆነውን ማንም እንዳያምነኝ እፈራለሁ፤ ሊቀመንበሩ ይህን ለኮሚቴው እንደ ድል አቀረቡት። በቀለሙና በመልእክቱ ምክንያት ሕዝቡ ቁጠባ ለመደ፣ ውሃውም ይተርፍ ጀመር ተባለ። ለፕሮጀክቱም ፎቶ ተላከ። እኔ ግን ወንበሬን ዛፉ ሥር አውጥቼ ዚሮቹን እያየሁ ቃሉን አሰብኩት። ስኬርስ ያለ ፈላጊ አይኖርም ብዬ የለ? እነሆ፣ ብርቅ ነው ተብሎ የተጻፈበት ውሃ ብርቅ መሆኑን አቆመ። ማንም አልፈለገውማ። ኮሚቴው ባለማወቅ እጥረትን ድል አድርጓል፤ መንገዱም ውሃን የማይጠጣ ማድረግ ነው።

በኅዳር መጀመሪያ ዘግይቶ የተዘራው የሊቀመንበሩ ሰሊጥ ደረሰ። ሰሊጥ ሲደርስ አይጠብቅም፤ ፍሬው ያለበት ከረጢት አፉን ከከፈተ ዘሩ መሬት ላይ ይፈሳል፤ መሬት ላይ የፈሰሰ ሰሊጥ ደግሞ የሚለቀም ነገር አይደለም። የሊቀመንበሩ ተሳቢ ጠዋት ኒሙ ሥር መጥቶ ቆመ። ባዶ ነው። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ የመጡት ዶሮዎቹ ናቸው። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ራሳቸው አብረው መጡ፣ ሽንፋ መንገድ ድረስም ሄደው ተመለሱ። የዚያ ሠፈር ባለ እርሻዎች ሠራተኛውን ገና ከመኪና ሲወርድ እየተቀበሉ ወስደውታል።

ቀትር ላይ ነው። ከተሳቢው ወርደው ኒሙ ሥር ተቀመጡ፤ ከራስ እስከ እግራቸው ላብ በላብ ናቸው። ወደ ጣሳው እጃቸውን ሰደዱ። ከብርቅ ቀዱ። ሕጉን ጥሼ ቆሜ አየኋቸው፤ አጥሩ ላይ ክርኔን አስደግፌ በደንብ ነው ያየሁት። አፋቸው ውስጥ ያዙት፣ አሰቡ፣ ዋጡት። ክብራቸውን ጠብቀው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ለዚህ ብቻ ሳላከብራቸው አልቀርም።

«ጋሼ፣ ውሃው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ውሃ ነው።»

«ከብርቁ ነው ወይስ ከነው?»

«አንች፣ ሰሊጤ እየፈሰሰ ነው» አሉ። ድምፃቸው ደክሟል። «ዛሬ አትቀልጅብኝ። ሠራተኛ ስኬርስ ሆነ።»

«ሠራተኛ ሞልቷል። ሽንፋ መንገድ ላይ አይተውታል። ስኬርስ ያደረግነው እኛ ነን፤ የሚጠጣውን ቀብተን ሸኘነው።»

እትዬ ደጃፋቸው ላይ ብቅ ብለው ይሰማሉ። እኔም ቀጠልኩ፤ ዚሮቹን ይመልሱልን አልኩ። ኮሚቴው ነው የወሰነው አሉ። ኮሚቴው ሰሊጥ አያጭድልዎትም አልኩ። እሺ ቢባልስ ሌላ ዚር ከየት ይመጣል አሉ፤ እዚህ ላይ እውነት ነበራቸው። ማዶ ጦርነት ከገባ ወዲህ ዚር የሚጭን ነጋዴ የለም። እትዬም ቀለሙን በድንጋይ ሲፍቁት ሰንብተዋል፤ ሸክላው ውስጥ ገብቷል፣ አይለቅም።

«በእሳት እንለቀዋለን» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ።

«ሸክላ ሲሠራ ተቃጥሎ ነው። የዘይት ቀለም እሳት አይችልም። ዚሮቹን አድርቀን መልሰን ብናቃጥላቸው ቀለሙ ይሄዳል፣ ቀዳዳው ይከፈታል።»

«መጽሐፍ ላይ ነው ያየሽው?» አሉኝ እትዬ።

«አዎ።»

«የጻፈው ሰው ዚር አለው?»

«አይመስለኝም።»

ሊቀመንበሩ ሊሰነጠቁ አይችሉም ወይ ብለው ጠየቁ። ይችላሉ አልኩ፤ ሦስቱም ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ዚሮቹ የእትዬ ናቸውና ሁለታችንም ወደ እሳቸው ዞርን። እሳቸው ዚሮቹን ብዙ አዩአቸው፤ ምነው ባልተናገርኩ ብዬ የፈራሁት ያኔ ነው። ቢሰበሩ ምንም የሚተካቸው የለም፤ የቤታቸው የመጀመሪያ ዕቃ ነው፤ ከአልጋ በፊት የተገዛ።

«እንዲህ ሆነው ከሚቆሙ ይፍረሱ» አሉ። «ሰው የማያጠጣ ነገር ደጄ ላይ አላቆምም።»

ውሃውን ደፍተን ለጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ አዋልናቸው፤ እርጥብ ሸክላ እሳት ውስጥ ከገባ ይፈነዳልና። በቃጠሎው ቀን ማለዳ የሊቀመንበሩ ትራክተር አንድ ተሳቢ የአምና ማሽላ አገዳ አምጥቶ መንገዱ ዳር ገልብጦ ሄደ። ሾፌሩን ማን ላከህ ብዬ አልጠየቅኩትም። ዚሮቹን ሜዳው ላይ አጋደምናቸው፣ አገዳውን ውስጥም ውጭም ሞላን፣ እትዬ ራሳቸው ለኮሱት።

ጭሱ ጥቁርና ክፉ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ጸሐፊው እየሮጠ መጥቶ የፕሮጀክት ንብረት እየተቃጠለ ነው አለ። «የፕሮጀክቱ ቀለሙ ነው» አልኩት። «ጭሱን ልትወስዱት ትችላላችሁ።» ፎቶ ሊያነሣ ስልኩን አወጣ፤ ምን ብሎ እንደሚልከው አስቦ መልሶ ከተተው።

ነጩ ፊደል ቀድሞ ተኮማተረ፤ ሰማያዊው አረፋ እየሠራ ተላጠ። ከዚያ አንድ ከባድ ድምፅ ጮኸ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ ይጎነበሳል፣ ኋላ ይጠይቃል። ሁላችንም ከጎነበስንበት ስንነሣ ብርቅ ከአንገቱ እስከ ታቹ ተሰንጥቆ ነበር።

«ይህን መጽሐፉ አልጻፈም?» አሉኝ እትዬ።

«ጽፏል። ገጹን ዘልዬው ነው።»

ሳቁ። እኔ ያንን ሳቅ ስጠብቅ እንደነበርኩ ያኔ ነው ያወቅኩት።

ሁለቱ ተረፉ። አመዱ ውስጥ አሳድረናቸው በማግስቱ አወጣናቸው፤ ጥቁርና ግራጫ፣ አስቀያሚ ሆነዋል። ፋቅናቸው፣ አጠብናቸው፣ ብረት እግራቸው ላይ አቁመን ሞላናቸው። ከዚያ ወንበር አውጥተን ቁጭ አልን። ጠዋቱ አለፈ። ሆዳቸው ደረቅ ነው። እትዬ በየጊዜው እየተነሡ ይዳብሱና ተመልሰው ይቀመጣሉ። እኔም ለእንዲህ ያለ ሰዓት የሚሆን ነገር ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ወደ ቀትር ግድም በአንደኛው ሆድ ላይ አንድ ጨለም ያለ ነጥብ ታየ። ሰፋ። ወደ ታች ወረደ። ሌላውም ቀጠለ። እትዬ መዳፋቸውን ለጠፉበትና እርጥቡን መዳፍ በፊታቸው ላይ አሳለፉት።

ሠራተኛው ወዲያው አልተመለሰም፤ ሰው እንደ ቃል አይጠራም። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት የወሎ ሰዎች መጥተው ጠጡ፣ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ቀን በዙ። የሊቀመንበሩ ተሳቢ ግማሽ ሞልቶ ሄደ፣ ኋላም ሞልቶ ሄደ። ከሰሊጣቸው የፈሰሰው ፈሰሰ፤ የቀረውን አጨዱት። በኅዳር ሚካኤል ስብሰባ ላይ ስለ ዚሮቹ ምንም አልተነሣም። ጸሐፊው ሊያነሣው ሲል ሊቀመንበሩ ጊዜ ስኬርስ ነው ብለው አለፉት።

ፓምፑ ይህን ስጽፍም አልተጠገነም። ይህን የሚል ሰሌዳ ኒሙ ላይ ሰቅዬ ነበር፤ «ጉድጓዱ ሙሉ ነው። የጠፋው ፓምፑን የሚያሠራ ሰው ነው» ይላል። ሊቀመንበሩ አወረዱት። መልሼ ሰቀልኩት። አወረዱት። እኔ እሰቅላለሁ፣ እሳቸው ያወርዳሉ፤ ሚስማር እስካለ ድረስ እቀጥላለሁ፤ ሚስማሩም ቢያልቅ በገመድ አስረዋለሁ። የጉድለታችንን ስም ከውሃው ላይ አንሥቼ በባለቤቶቹ ላይ ሳልጽፍ አልተውም።

እትዬ ከተሰነጠቀው ዚር አንድ ጎድጎድ ያለ ስባሪ መርጠው ከተረፉት ዚሮች ከአንደኛው ሥር በሳህኑ ፋንታ አኖሩ። ጠብታው ስባሪው ላይ ይወርዳል። ባለፈው ሰሞን ሊቀመንበሩ ጠጥተው ጣሳውን ሲሰቅሉ ዶሮዎቹን አዩአቸው።

«አሁንም ያጠጧቸዋል?» አሉ።

«እነሱንስ አይጠማም?» አሉ እትዬ፤ ከመጥረግ ቀና ሳይሉ።